ጀርባውን ለሜዳው የሰጠ ሰው

ጋሼ ጎል ሲገባ አያይም ነበር። ዝናብ ሳይል ፀሐይ ሳይል አዲስ አበባ ስታዲየም ሲመላለስ ኖሮ፣ ኢትዮጵያ ቡና ካገባቸው ጎሎች አብዛኞቹን በዓይኑ አላያቸውም። አስጨፋሪ ነበራ! አስጨፋሪ የሚቆመው ፊቱን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው አድርጎ ነው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የእኛን ፊት ሲያይ ይቆይና፣ ከኋላው ኳሷ መረብ ስትነካ፣ እኛ ብድግ ስንል፣ ያን ጊዜ ያውቃል።

ስሙን እዚህ አላነሳም፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በሰላም ይኑሩበት። እኛም ብንሆን በስሙ ጠርተነው አናውቅም። ካታንጋ በምንለው የስታዲየሙ ክፍል ውስጥ ጋሼ ከተባለ እሱ ነው።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በረንዳ ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። የሚሰፋው የወንድ ሱሪ ነው። ደንበኛ ጨርቅ ሊያማርጥ ሲመጣ "ለአንተ ቡናማው ነው የሚያምርብህ" ይለዋል፤ ጥቁር ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ አሳምኖ ቡናማ ያሰፋዋል። ያኔ ከሰፈራችን አባወራ ግማሹ ቡናማ ሱሪ ለባሽ ነበር። ከየሱሪው የተረፈው ቁራጭ ተጠራቅሞ፣ ከቢጫ ጨርቅ ጋር ተጋጥሞ፣ የክለባችን ባንዲራ ይሆናል። ለራሱ የሰፋው ከጉልበት በታች የሚወርድ ካፖርት ነው፤ እጅጌው ላይ ከትከሻ እስከ አንጓ ቢጫ መስመር አለው። ቆቡ ደግሞ ከቡና ኬሻ የተሠራ ነበር። ኬሻው ላይ የታተመው ጽሑፍ ልክ ግንባሩ ላይ እንዲውል አስቦ ነው የቆረጠው። ፀሐይ ሲመታው ያ ቆብ ጥሬ ቡና ይሸታል። አጠገቡ ቆሞ የጨፈረ ሁሉ ያን ሽታ ያውቀዋል።

ያገኘሁት የስታዲየሙ በር ላይ ነው፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ። ለልጅ የመግቢያ ገንዘብ ከየት ይመጣል? መላው የትልቅ ሰው እጅ ይዞ መግባት ነበር። ጨዋታ ባለ ቁጥር ከበሩ ፊት ተኮልኩለን፣ ትኬት የያዘ ሰው ሲያልፍ "ጋሼ ያስገቡኝ! ጋሼ ይዘውኝ ይግቡ!" እያልን እንከተላለን። የሚራራ ይራራል፣ የማይራራ ገፍቶን ያልፋል። ባለ ካፖርቱ ሰውዬ ግን ቆመና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ኳስ ነው የምታየው ወይስ ሰው?" አለኝ።

"ኳስ" አልኩት።

"እንግዲያው ና። ደህና አድርገህ እይ። ስንወጣ ትነግረኛለህ።"

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ጨዋታው ሲጀመር ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ሲዞር እሱ ወደ እኛ ዞረ።

ስታዲየሙን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥላ ፎቅ የተቀመጡት ጥላ ነበራቸው፣ ወንበር ነበራቸው። ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ሰው፣ የየራሱ ጠባይ ነበረው። ካታንጋ ጣሪያ አልነበረውም። ሲሚንቶው በስምንት ሰዓት ፀሐይ ግሎ ይጠብቅህ ነበር፤ ጋዜጣ ካላነጠፍክ አትቀመጥበትም። ያው ጋዜጣ ፀሐይ ሲበረታ ታጥፎ ቆብ ይሆናል። ቆሎ ሻጩ በሰው ትከሻ መሀል እየሾለከ በሲኒ ይሰፍራል፤ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ፣ ቆሎው ከእጅ ወደ እጅ ተመልሶ፣ አንዲት ፍሬ ሳትጎድል ይደርስሃል። የማይተዋወቁ ሰዎች እንዲህ የሚተማመኑበት ቦታ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ጋሼ ከሁሉም ፊት፣ ከብረቱ አጥር አጠገብ ከፍ ብሎ ይቆማል። ድምፁ ጎርናና ስለነበር ዜማ ማውጣቱን ለሌሎች ትቶታል። የእሱ ነገር ጭብጨባ ነው። ሦስት ጊዜ ፈጠን አድርጎ ያጨበጭብና እጁን አየር ላይ ያቆመዋል። ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን አየር ላይ እንዳደረገ ይጠብቃል። ከዚያ አንዴ፣ አንድ ብቻ፣ በኃይል። ሲሚንቶው ይርዳል። ከየት እንዳመጣው አንድ ቀን ስጠይቀው በእግሩ መሬቱን መታ መታ አድርጎ አሳየኝ፤ የሲንጀሩ መርገጫ ነው። ሦስት ረግጦ ስፌቱ ጥግ ላይ ሲደርስ ያቆማል፣ ጨርቁን ያዞራል፣ እንደገና ይረግጣል።

ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ የእኔ ሥራ ይጀምራል። ከስታዲየም ወጥተን በለገሃር፣ ቸርችልን ይዘን ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ከዚያም ወደ ተክለ ሃይማኖት ስንሄድ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራለታለሁ። ሳጋንን ወዲያው ይይዘኛል።

"በግራ በኩል አልፎ፣ ሦስት ሰው አታሎ፣ አሻገረና በቴስታ ገባች" እለዋለሁ።

"አይደለም" ይለኛል፤ "በግራ አይደለም። መጀመሪያ የተነሱት ከግራዬ ያሉት ናቸው። ያ ቆሎ ሻጭ እንኳ ትሪውን አስቀምጦ ነበር። አንተ ተኝተህ ነበር?"

ስናጣራው እሱ ልክ ይሆናል። ከእሱ ግራ ማለት ወደ ሜዳው ለምናይ ለእኛ ቀኝ መሆኑ እንኳ አይጠፋውም፤ ቀንሶ ደምሮ ኳሷ ከየት እንደመጣች፣ ማን እንደሳታት፣ በረኛው መቼ እንደወጣ ይነግረኛል። ይህን ሁሉ ያነበበው ከሰው ፊት ነው። በኋላ ስለ ኳስ መጻፍ ስጀምር ትምህርቴ እሱ ነበር፦ የሆነውን ተናገር፣ አትጨምርበት፣ የሚሰማህ ሰው ከአንተ በላይ ያውቅ ይሆናል።

ነገሩ ከልጅነቱ የመጣ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ከግብጽ ጋር ስትጋጠም ዕድሜው ገና አሥር ቢሆን ነው፤ ገንዘብም የሚያስገባው ሰውም አላገኘም። ከስታዲየሙ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ ሰማው። መጀመሪያ የሰማው ዝምታ ነው፤ ግብጾች አገቡ። ብዙ ቆይቶ ጩኸት መጣ፣ አንድ ለአንድ። ጩኸቱ ገና ሳይበርድ ግን ዝም አለ። "ሰው በአንዴ እንዲያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም፣ ደነገጥኩ" ይለኝ ነበር። ከዚያ ሉቻኖ አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ፣ ማሳረጊያውን መንግሥቱ ወርቁ፤ አራት ለሁለት። ጃንሆይ ዋንጫውን ለሉቻኖ ቫሳሎ ሲሰጡ ጋሼ ከውጭ ነበር። አራት ጩኸት፣ ሁለት ዝምታ። እኔ በሕይወቴ ከሰማሁት የጨዋታ ዘገባ ሁሉ ያንን የሚያህል የለም።

በ1980 ዚምባብዌን በሪጎሬ አሸንፈን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ጋሼ ካታንጋ ነበር። ሜዳው ፊታቸው ተዘርግቶ ሳለ ትራንዚስተር ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የስፖርት ጋዜጠኛውን ደምሴ ዳምጤን የሚሰሙ ሰዎችን ያስታውሳል። አልገረመውም። "ዓይን ብቻውን ኳስ አይጠግብም" ይል ነበር።

ሕግ ነበረው። የሰው እናት አይሰደብም። ዳኛውን ሌባ ማለት የፈለገ ይበል፣ እሱ ግን አያስጨፍርም፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ይጠብቃል። አንድ ቀን ከሽንፈት በኋላ መውጫው ላይ ድንጋይ መወራወር ተጀመረ። ካፖርቱን አውልቆ ለእኔ አስያዘኝና መሀል ገባ። ከእኛ በኩል ከሚወረውሩት አንዱ፣ ቁመቱ የእሱን እጥፍ የሚያህል ጎረምሳ፣ የያዘውን ድንጋይ ከእጁ ተቀብሎ መሬት አስቀመጠው። "በዚህ እጅ ነገ ከእኔ ጋር አታጨበጭብም" አለው። ልጁ አለቀሰ። ግንባሩ የተፈነከተ ሰው በዚያ ቀን አይቻለሁ፤ የስታዲየም ትዝታ ሁሉ ጣፋጭ ነበር የሚል ሰው ያልነበረበት ነው። ጥላቻው እውነት ነበር። ጥላቻውን የሚከለክሉ ሰዎች መኖራቸውም እውነት ነበር።

ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ተጀመረ። የመጀመሪያውን መብራት ኃይል ወሰደው፣ ከዚያ በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫውን እየደጋገመ ያነሳ ጀመር። በ1993 ዮርዳኖስ ዓባይ ለመብራት ኃይል 24 ጎል ሲያገባ ጋሼ "የሰው ልጅ ነው፣ የኛ ባይሆንም ይጨበጨብለት" ብሎ ያስጨበጭበን ነበር። እኛ ግን ዋንጫውን እየጠበቅን ነበር። ልጅ ሆነን የገባን ሰዎች ልጅ ይዘን መግባት ጀመርን። በ2003 ውበቱ አባተ አሰልጣኝ ሆኖ ቡና የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። ሌላው መንገድ ላይ ሲጨፍር ጋሼ በረንዳው ላይ ሲንጀሩን ይረግጣል፤ ባንዲራ አልቆ ሰው ወረፋ ይዞ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሰፋ። ገንዘብ ከማንም አልተቀበለም።

ከዚያ ወዲያ ጉልበቱ ደከመ። ብረቱ ላይ ቆሞ መዋል አቃተውና ቦታውን ለወጣቶች ለቀቀ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳን ብሔራዊ ቡድናችንን ልትገጥም ስትመጣ እሱና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ኦምዱርማን ላይ አምስት ለሦስት ተሸንፈናል፤ ሁለት ለዜሮ ካሸነፍን ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ እንገባለን። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ነው የገባው። ጋሼ በስንት ዘመኑ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ ተቀምጦ ማየት አልሆነለትም። ኳሷ ወደ ሱዳን በር ስትሄድ አንገቱ ወደ እኔ ይዞራል። "ጋሼ፣ ወደዚያ እይ እንጂ!" እለዋለሁ፤ ለአፍታ ያይና ተመልሶ እኔን ያያል። ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ ሲያገባ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር። ሳላሃዲን ሁለተኛውን ሲደግም ሁለቱን ጉንጮቼን በእጆቹ ይዞ ነበር፤ የጣቶቹ ጫፍ ከመርፌ ብዛት ደድሮ እንደ ቆዳ ይሻክራል። "ገባች" አለኝ፣ እኔ ሳልነግረው።

በ2013 ቡና ወጣት አጥቂ ነበረው፤ አቡበከር ናስር። ጌታነህ ከበደ በ25 ጎል ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን በ29 አሻሻለው። ሊጉ ግን በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋ፣ በሐዋሳም ጭምር ይካሄድ ነበር፤ በኮሮና ወረርሽኝም ምክንያት ደጋፊ እንደ ልቡ አይገባም ነበር። ጋሼን ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ወሰድኩት። አቡበከር አገባ፣ ቤቱ ጮኸ፣ በዝግታ ደግመው አሳዩት። ጋሼ ስክሪኑን አይቶ አይቶ "ሰዉን ለምን አያሳዩም?" አለኝ። ሰው እንደሌለ ነገርኩት። "ታዲያ ጎል መሆኑን ልጁ በምን አወቀ?" አለ፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም። ጠዋት ማታ ስለ ስታዲየም እድሳት፣ ስለ ሣሩና ስለ ወንበሩ ስንነጋገር ከነዚያ የካታንጋ ሰዎች ጋር ምን እንደጠፋ የሚያነሳ ሰው ስለማጣ ነው ይህን የምጽፈው።

ያቺን ጭብጨባ አሁን በየክለቡ እሰማታለሁ። ሦስት፣ ዝም፣ አንድ። አንዱ ከውጭ ሊግ በቴሌቪዥን ተቀድታ የመጣች ናት ይላል፣ ሌላው የኛ ክለብ ናት ብሎ ይከራከራል። እኔ እዚያ ነበርኩ። ጭብጨባዋ የወጣችው ከካታንጋ ነው፣ ያወጣትም አንድ የተክለ ሃይማኖት ልብስ ሰፊ ነው፤ የለም የሚል ካለ ያን ጊዜ ካታንጋ የተቀመጠ ሰው ይዞ ይምጣና እንነጋገር።