ከወለል በታች ያለው ውኃ

ሰው ቤቱን ሲመለከት የሚያየው ግድግዳውንና ጣራውን ነው፤ እንግዳም ሲመጣ የሚያመሰግነው የወለሉን ጥራትና የበሩን ማማር ነው። ከጣውላው በታች፥ በመሬትና በእንጨት መካከል ያለውን ጨለማ ስፍራ ግን ወለሉ ካልተሰበረ በቀር ባለቤቱም አያስታውሰው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ እንደማይነሣ ሁሉ፥ ባለቤትም የላዩን ብቻ አይቶ ቤቴ ደኅና ነው ሊል አይገባውም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ በዳገትና በቍልቍለት ላይ ከተሠሩት አሮጌ ቤቶች፥ በድንጋይ መሠረት ላይ ጣውላ የተነጠፈላቸው፥ ከመሬትም ከፍ ያሉ አሉ። ጥንቁቅ ግንበኛ ከመሠረቱ ግንብ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይተው ነበር፤ ይኸውም ነፋስ በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው እየወጣ እንጨቱን እንዲያደርቀው ነው። ኋላ የመጡት ግን ብርድና አይጥ ይገባል እያሉ ቀዳዳውን በድንጋይ ደፈኑት።

እንዲህ ባለ ቤት አንዲት ባልቴት ይኖሩ ነበር። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳውን ኖራ ያስቀባሉ፤ በሚመጣው ሐምሌ ግን ሻጋታው ተመልሶ ይታያል። የበሰበሰውንም ጣውላ አናጢ ሁለት ጊዜ ለውጦላቸው ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ልጆቻቸው ቤቱ ይሸጥ አሉ። እርሳቸው ግን ልጆቻቸውን የወለዱበትን፥ የባላቸውንም አስከሬን የሸኙበትን ቤት መሸጥ እንደ ሞት ሆነባቸው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ተጠራ። እርሱም ወለሉን ሳይነካ ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ ደጅ ተቀምጦ ጠበቀ፤ ሲወርድም ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረና፥ «እሜቴ፥ ጣውላው ምን አጠፋ? ባሕር ላይ አስተኝተውት ነው እንጂ» አላቸው።

ነገሩም እንዲህ ነበር። ጣራው አሸንዳ ስለሌለው ውኃው ከግድግዳው ሥር ይወርድ ነበር፤ ለአበባ ተብሎ የተከመረው አፈር ደግሞ ውኃውን ወደ መሠረቱ ይመልሰው ነበር፤ የላይኛው ጎረቤት ፍሳሽም በአጥሩ ሥር ይገባ ነበር። ከዚህ ጎረቤት ጋር ባልቴቲቱ ስለ ወሰን ተጣልተው፥ ከተነጋገሩ ዓመታት ዐልፈዋል። ግንበኛው ግን፥ «ውኃ ቂም አያውቅም፤ ወደ ታች መውረዱን ብቻ ያውቃል» ብሎ አገናኛቸው። በአጥሩ ሥር በድንጋይ የተገነባ ቦይ አወጡ፤ ወጪውንም እኩል ከፈሉ። ወለሉ የታደሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱም ሳይሸጥ ቀረ።

የነገሩ ክብደት በቍጥር ይታያል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ በ80 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2000 ሊትር ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ከመሠረቱ ሥር ቢፈስ ምን እንደሚያደርስ አስተዋይ ይፍረድ። እንጨት የያዘው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ ከ100 እጅ 20 እጅ ካልደረሰ አይበሰብስም፤ ከዚያ እጅግ ዐልፎ ሲሰነብት ግን መበስበስ ይጀምራል፥ ምስጥም ርጥቡን ስፍራ ይወዳል።

ስለዚህ መድኃኒቱ በተራ ይደረግ። አስቀድሞ አሸንዳ ይሰቀል፤ ቀጥሎ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በ3 ሜትር ርቀት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይደልደል። ከዚያም የተደፈነው ቀዳዳ ይከፈት፥ ስለ አይጥም ወንፊት ሽቦ ይደረግበት። ከወለሉ በታች የወደቀ ቍርጥራጭ እንጨት ይጠረግ፤ አፈሩም በወፍራም ላስቲክ ይሸፈን፤ መሬት ላዩ የደረቀ ቢመስልም ከውስጡ እንፋሎት ያወጣልና። ዋልካ በሆነ መሬት ላይ ጥንቃቄው ይብስ፤ ዋልካ ሲርስ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፥ መሠረቱንም ያናጋል።

ይሁን እንጂ ምክሩ ለአገሩ ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ የሐምሌና የነሐሴ አየር ወበቅ ያለው ስለሆነ፥ በቀዳዳው ገብቶ ቀዝቃዛውን እንጨት ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ቀዳዳውን ዘግተው፥ አፈሩን ሸፍነው፥ አየሩን በመኪና የሚያደርቁ አሉ። ለአንዱ ፈውስ የሆነው ለሌላው ደዌ ነውና የአገሩን አየር ሳይመረምሩ ሥራ መጀመር አይገባም።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እንግዲህ ክረምት ሳይገባ፥ በግንቦት፥ አንድ ጣውላ ይነሣና ከታች ያለው በመብራት ይታይ። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ዶማና ጥቂት ድካም ነው፤ በነሐሴ ግን ቤት ያስፈታል።