በባሌ ደጋ፥ በዐመዳይ ላይ የሚሮጠውን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ቆሞ የሚጠብቅን ሰው ፎቶግራፍ ማንሣት እጅግ አያስቸግርም። የሚጋልበውን ፈረስ ወይም አድፍጦ የሚዘለውን አውሬ ማንሣት ግን የሰላ ዓይንና የረጋ እጅ፥ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ምድሩ በዐመዳይ የነጣ እንደ ሆነ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ይህን ጥበብ ለመማር የሚወድ ጀማሪ ባሕር ተሻግሮ መሄድ አያስፈልገውም፤ የባሌ ደጋ ይበቃዋልና።

ከሮቤ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ካለችው፥ ስንዴና ገብስ ከሚበቅልባት ከገሰራ የተነሣ መንገደኛ መጀመሪያ ሮቤ ይገባል። ከዚያም 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፥ ቀድሞ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ወደ ነበረችው ወደ ጎባ ይደርሳል። ከጎባ በላይ መንገዱ በኮሶና በአስታ ዱር መካከል እየወጣ፥ ከፍታው 4,000 ሜትር ያህል ወደ ሆነው ወደ ሳነቴ ሜዳ ያደርሳል። በዚያ ላይ 4,377 ሜትር የሚሆነው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ቆሞ ይታያል።

በበጋ፥ ከኅዳር እስከ የካቲት፥ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ያድርና ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ አለ። በነጋም ጊዜ ሣሩና ጅብራው ሁሉ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። በዝናሙ ወራት ደግሞ በረዶ ይጥላል፤ አልፎ አልፎም እውነተኛው ዐመዳይ ከፍተኛውን ስፍራ ያነጣዋል። ነገር ግን ፀሐይ ስትበረታ ይህ ሁሉ ፈጥኖ ስለሚቀልጥ፥ ማልዶ ያልተነሣ ሰው የሚያገኘው እርጥብ መሬት ብቻ ነው።

በዚህ ሜዳ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። የአገሩ ኦሮሞዎች ጄዳላ ፈርዳ፥ ማለት የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ ሊወልዱ የቀረቡትን ባዝራዎች ስለሚከተል ነው ይባላል። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ሲሆን፥ ምግቡም አይጥና ከባሌ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል ነው። ፍልፈሉ ሣር ሊበላ ከጕድጓዱ ብቅ ሲል፥ ቀበሮው ሆዱን ከመሬት አስጠግቶ ይሳባል፤ ጥቂት ይቆማል፤ ከዚያም ድንገት ይወረወራል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው መዝጊያውን መጫን ያለበት ዝላዩን ካየ በኋላ ሳይሆን፥ የቀበሮው ጆሮ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ሰውነቱ ሲሰበሰብ ባየ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ብርሃን ያለው ነገር አድርጎ ይገምታል። በዚህም ምክንያት ነጩ ዐመዳይ አመድ መስሎ፥ ቀዩም ቀበሮ ጠቍሮ ይወጣል። መድኃኒቱ መለኪያው ካዘዘው ላይ ብርሃኑን ከአንድ እስከ ሁለት ደረጃ መጨመር ነው። ለሚዘል አውሬ መዝጊያው በሰከንድ አንድ ሺሕኛ (1/1000) ወይም ከዚያ በፈጠነ ጊዜ ይከፈትና ይዘጋ። ፈረሰኛ በአጠገብ ሲያልፍ ግን ፍጥነቱን ወደ ሰከንድ አንድ ስድሳኛ (1/60) ዝቅ አድርጎ ካሜራውን ከፈረሱ ጋራ እኩል ማዞር ይቻላል፤ ፈረሱ ጐልቶ ሲታይ ከኋላው ያለው ምድር እንደ ነፋስ ተስቦ ይወጣል። ኤድዋርድ ማይብሪጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1878 ዓመት፥ በአሜሪካ አገር 12 ካሜራዎች ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚነሡበት ጊዜ እንዳለ አሳይቷል፤ ይህንንም የሰው ዓይን ብቻውን ሊያረጋግጠው አልቻለም ነበር።

ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚያደክም፥ ትርፉን ባትሪ ከልብስ በታች በሰውነት ሙቀት መያዝ ይገባል። ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ደግሞ ካሜራው በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ አለዚያ መስተዋቱ በጤዛ ይሸፈናል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፥ ከእኩሌታ የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ነው። ከውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓመት ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስፍራው በ1962 ዓመተ ምሕረት ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ፥ በመስከረም 2016 ዓመተ ምሕረት በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል፤ ዳሩ ግን መዝገብ ብቻውን አውሬ አይጠብቅም። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ቤተ ሰብ ውሻውን በቤቱ ይተው፤ ምግብም አይጣል፤ መኪናውንም ከመንገድ አውጥቶ የፍልፈሉን ጕድጓድ አይደምስስ። ሥዕል ለማግኘት ቀበሮውን የሚያባርር ሰው የሚያነሣው ሽሽቱን እንጂ አደኑን አይደለም፤ የተባረረውም አውሬ የዕለት ምግቡን ያጣል።

ወላጆችም ልጆቻቸው ያነሡትን ሥዕል በተመለከቱ ጊዜ፥ በጀርባው ቀኑን፥ ሰዓቱንና ስፍራውን እንዲጽፉበት ያስተምሯቸው። የዛሬው ሥዕል ለሚመጣው ትውልድ ምስክር ነውና፤ ቀበሮው ግን በሥዕል ብቻ የሚታወቅ እንዳይሆን የመጠበቁ ዕዳ የእኛ ነው።