ወፍራም ሲጋር ሰውን ወፍራም አያደርግም!

መቼም የዘንድሮ አራዳ ሁሉን ነገር የሚመዝነው በግዝፈቱ ሆኗል። መኪናው ትልቅ፣ የእጅ ሰዓቱ ትልቅ፣ ሠርጉ ትልቅ... አሁን ደግሞ ሲጋርም እዚሁ ሚዛን ላይ ወጥቷል። ልብ በሉ! ሲጋራ አላልኩም፣ ሲጋር ነው ያልኩት። በ‹‹ራ›› እና በ‹‹ር›› መካከል ያለው ልዩነት ኪስንም ጤናንም የሚነካ ነውና እንዳይምታታባችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሠፈሬ ልጅ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። የራሱን ንግድ ለመጀመር ከአንድ ባለገንዘብ ጋር ሽርክና ሊነጋገር ቀጠሮ ያዘ። ‹‹እነሱ ጋ ሲጋር ነው የሚጨሰው፤ ባዶ እጄን ብሄድ ፋራ ነው የሚሉኝ›› አለና የደመወዙን እኩሌታ አውጥቶ አንድ ዱልዱም ዱላ የመሰለ ሲጋር ገዝቶ መጣ። ‹‹ለምን ወፍራሙን መረጥክ?›› ስንለው ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹‹ቀጭኑ የሴት ነው! ጉልበት ያለው ወፍራሙ ነው!››

ይህን የሰሙት ጎረቤታችን ጋሼ ሳቃቸው መጣ። ጋሼ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት አባታቸውን አጥተው፣ ከሌሎች በሺህ ከሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ጋር ኩባ ተወስደው የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ የተማሩ ሰው ናቸው። ‹‹ስማ ልጄ›› አሉት፣ ‹‹ሲጋር እንደ ቦክሰኛ በኪሎ አይመደብም።››

ከዚያ ወዳጃቸው የላከላቸውን ረጅምና ቀጭን ሲጋር አምጥተው ከልጁ ሲጋር ጎን አጋደሙት። የሲጋር ውፍረት የሚለካው ‹‹ሪንግ›› በሚባል መለኪያ ነው። 64 ሪንግ ማለት አንድ ኢንች ነው። የልጁ ሲጋር ‹‹ሮቡስቶ›› ይባላል፤ 50 ሪንግ ወይም ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ርዝመቱ ግን 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የጋሼ ደግሞ ‹‹ላንሴሮ›› ነው፤ 38 ሪንግ ወይም 15 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፣ ርዝመቱ ግን ከ19 ሴንቲ ሜትር ያልፋል።

‹‹እሺ፣ ጣዕሙን ምን አገባው?›› ትሉ ይሆናል። ጉርሻን አስቡ። ሲጋር ከላይ የሚጠቀለልበት ቅጠል እንደ እንጀራው ነው፤ ሆዱ ውስጥ የሚገባው ቅጠል ደግሞ እንደ ወጡ። ጉርሻው ቀጭን ሲሆን የእንጀራው ጣዕም ጎልቶ ይሰማል፤ ሲወፍር ወጡ ይበዛል። ሲጋርም እንደዚያው ነው። ላንሴሮው ከሆዱ አንጻር ያለው የልባስ ቅጠል ከሮቡስቶው በሲሶ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ያ ከላይ የሚታየው ውድ ቅጠል ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ሰው የሚመርጠው ቀጭኑን ነው።

እኔም ለወጉ ያህል ሁለቱንም ሁለት ሁለቴ ሳብኩ፤ ጭሱን ወደ ሳንባዬ ሳላስገባ። ቀጭኑ ሹል ነው፤ የተቆላ ቡና ዓይነት ነገር ምላሴ ላይ ጥሎ አለፈ። ወፍራሙ ግን ለስላሳና ቀዝቀዝ ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ ወተት እንደበዛበት ማኪያቶ። ‹‹ጉልበተኛው›› የተባለው ለስላሳ፣ ‹‹የሴት›› የተባለው ደግሞ ተናካሽ ሆኖ አረፈው!

ጋሼ እንዳስረዱን የሲጋር ጉልበት የሚመጣው ከቅጠሉ ነው። ከትንባሆው ተክል ጫፍ ላይ ፀሐይ የጠገበው ቅጠል ‹‹ሊጌሮ›› ይባላል፤ ኃይለኛው እሱ ነው። የመሐሉ ‹‹ሴኮ›› መዓዛ ይሰጣል። የታችኛው ‹‹ቮላዶ›› ደግሞ እሳቱ ደህና እንዲይዝ ያደርጋል። ወፍራም ሲጋር ውስጥ እነዚህን ለማደባለቅ ሰፊ ቦታ አለ እንጂ ውፍረቱ ብቻውን ኃይለኛ አያደርገውም። ቀጭኑ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ከተሳበ ይግላል፣ ይመራል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ርዝመትም የራሱ ሥራ አለው። ረጅም ሲጋር ሲጀመር ጭሱ ብዙ መንገድ ተጉዞ ስለሚመጣ ይቀዘቅዛል። እያጠረ ሲሄድ ግን ሙቀቱና ቅባቱ ወደ አፍ እየቀረበ ጣዕሙ ይከብዳል። ጫፉ እንደ ጦር የሾለው ዓይነት ደግሞ ጭሱን አጥብቦ ምላስ ላይ አንድ ቦታ ያሳርፈዋል። ሁለቱም ጫፎቹ የሾሉት ‹‹ፐርፌክቶ››፣ እሳቱ ከጠባቡ ወደ ሰፊው ሲገባ ጣዕሙን በመንገድ ላይ ይለዋውጣል።

ልጁ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ዘመኑ ሌላ ነው!›› ብሎ በማግስቱ ምሳ እንኳ ሳይበላ ቀጠሮው ላይ ተገኘ። በረንዳ ላይ ያንን ግንድ ለኩሶ እንደ ሲጋራ ይምገው ጀመር። ግማሹ ላይ ሳይደርስ ላብ አጠመቀው፣ አዞረው፣ አስመለሰው። ከሁሉ የሚያስቀው... አይ፣ የሚያሳዝነው፣ ባለገንዘቡ ራሱ አንድም ነገር አላጨሰም! ‹‹እንደውልልሃለን›› ብለው ሸኙት። ስልኩ እስከዛሬ አልጮኸም።

ይህ ሕመም እንቆቅልሽ አይደለም። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትንባሆ ሊይዝ ይችላል። ‹‹ወደ ሳንባ አላስገባም›› የሚለውም ማምለጫ አይሆንም፤ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጠኛ ቆዳ በኩል ደም ውስጥ ይገባል። ሲጋር የአፍ፣ የጉሮሮና የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ያመጣል። በአገራችን ሕግም፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትንባሆ መሸጥ የተከለከለ ነው፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስም እንዲሁ።

እናንተ በልኩ ልትለኩ የምትፈልጉ ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊደል ካስትሮ ይወዱት የነበረው ሲጋር ያ ‹‹የሴት›› የተባለው ቀጭኑ ላንሴሮ ነው። ጦር ያዘመተ መሪ በቀጭን ሲጋር አላነሰም። እሱንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1985 ለጤና ሲሉ እርግፍ አድርገው ትተውታል። የሲጋር መጠን የሚናገረው ስንት ደቂቃ እንደሚነድና ምን ምን እንደሚል ብቻ ነው። ስለያዘው ሰው ምንም አይናገርም። ሽርክና የሚፈልግ ሰው ሒሳቡን አጥርቶ፣ ምሳውን በልቶ ይሂድ!

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።