ስለ ቀለም መምረጥ

ብዙ ዕቃ ያለው ሰው ሁሉ ባለሙያ አይደለም። ባለሙያ የሚባለው በእጁ ያለውን ዕቃ ጠባዩን የሚያውቅ ነው። ይህም ነገር በሥዕል ሥራ ላይ ግልጥ ሆኖ ይታያል።

መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርስዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ጉና የሚባለው ታላቅ ተራራ ይገኛል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ያልፋል። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከዚሁ ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳሉ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አገሩ ሁሉ ይለመልማል፤ ዐደይ አበባም ሜዳውንና ዳገቱን ቢጫ ያለብሰዋል። ነገር ግን የዐደይ አበባ ዕድሜው አጭር ነውና ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይረግፋል።

በዚህች ከተማ አጠገብ ከአያቱ ጋራ የሚኖር አንድ ተማሪ ነበረ። ታላቅ ወንድሙ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ 4 ዓመት ሆኖት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ወንድሙ 24 ዓይነት የውሃ ቀለም ያለበት ሣጥን፣ ብሩሽና ወፍራም ወረቀት ላከለት። በደብዳቤውም፦ «ዘንድሮም ለመስከረም መምጣት አልቻልሁም። ደጃችንን አሁን እንዳለ አድርገህ ሣልልኝ፤ ከአልጋዬ ፊት ለፊት እሰቅለዋለሁ» ይል ነበር።

ልጁም ደስ ብሎት በማግሥቱ ከደጅ ተቀምጦ መሣል ጀመረ። ለሣሩ አረንጓዴውን፣ ለሰማዩ ሰማያዊውን፣ ለመሬቱ ቡናማውን፣ ለጥላው ጥቁሩን ከሣጥኑ እንዳለ እያነሣ ቀባ። ከ24ቱ ቀለም አንዱን እንኳ ሊያስቀር አልወደደም። ሥዕሉ በደረቀ ጊዜ ለአያቱ አሳያቸው። እርሳቸውም ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ረዥም ጊዜ ተመለከቱና፦ «ያምራል ልጄ፤ ግን ይህ የማን አገር ነው?» አሉት።

ልጁ ይህን ሲሰማ እጅግ አዘነ። አያቱ ሊያፌዙበት አልነበረም፤ በእውነት ደጃቸውን አላወቁትም። ሣሩ እንደ አዲስ የፕላስቲክ ጆግ ያብለጨልጭ ነበር፤ ጥላውም የፈሰሰ ጥላሸት ይመስል ነበር። ልጁም በልቡ፦ «እዚሁ የሚኖሩት እምዬ ካላወቁት፣ 4 ዓመት ከአገሩ የራቀው ወንድሜ እንዴት ያውቀዋል?» አለ። ዐደይ አበባው ደግሞ ሳይረግፍ መሣል ነበረበት።

ስለዚህ ሥዕሉን ይዞ ወደ መምህሩ ሄደ። መምህሩም አልተቈጡትም፤ ነገር ግን፦ «እነዚህን ሁሉ ቀለሞች ታውቃቸዋለህን?» ብለው ጠየቁት። እርሱም፦ «አዎን መምህር፤ ስማቸውን አውቃለሁ» አለ። መምህሩም እንዲህ አሉት፦ «ስም ማወቅና ጠባይ ማወቅ ለየብቻ ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ቀለማቸው ጥቂት ነበረ። ጥቁሩን ከጥላሸትና ከከሰል፣ ቀዩን ባዜቃ ካለበት ማዕድን፣ ቢጫውን ከሌላ ማዕድን፣ ሰማያዊውን ኢንዲጎ ከሚባል ተክል ያገኙ ነበር። አረንጓዴ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ሰማያዊውን ከቢጫው ጋራ ያዋሕዱ ነበር። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ብትመለከት የመላእክት ፊት ተደርድሮ ወደ አንተ ሲያይ ታገኘዋለህ፤ ቀለሙን ብትቈጥር ግን በጣትህ ያልቃል። በእስክንድር ዘመን በግሪክ አገር የነበረው አፔሌስ የተባለው ሠዓሊም በ4 ቀለም ብቻ፣ በነጭ፣ በቢጫ፣ በቀይና በጥቁር፣ ታላላቅ ሥራ እንደ ሠራ ፕሊኒ የተባለ የሮም ሊቅ ጽፏል። ሂድና ቀለሞችህን መርምራቸው።»

የመመርመሩንም መንገድ አሳዩት። መጀመሪያ እያንዳንዱን ቀለም በትንሹ ቀብቶ ከሥሩ ስሙን ይጻፍ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይገረጣልና እርጥብ ሳለ አይፍረድበት። ቀጥሎ ሁለት ሁለቱን እያዋሐደ ምን እንደሚወጣ ይመልከት። ከሁለት ቀለም ተዋሕዶ ሊገኝ የሚችለውን ወደ ጎን ያኑር፤ ከሌላ ሊገኝ የማይችለውን ያስቀር። በመጨረሻም የቀረውን ይዞ ወደ ሜዳ ይውጣና ከቅጠሉና ከአፈሩ አጠገብ አድርጎ ያስተያየው።

ልጁም ማታ ማታ በመብራት ተቀምጦ ይህን አደረገ። አረንጓዴዎቹ ሁሉ ከሰማያዊና ከቢጫ እንደሚገኙ አየና ወደ ጎን አኖራቸው። ደማቁ ሰማያዊ ከቀይ ቡናማው ጋራ ሲዋሐድ የደመናን ግራጫ ሰጠው፤ ውሃውን ሲቀንስበትም ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ጥቁሩን አስቀመጠው። የውሃ ቀለም ወረቀቱን ያሳያልና ነጭ የሚፈለግበትን ቦታ ሳይቀቡ መተው ይበቃል፤ ስለዚህ ነጩንም አስቀመጠው። በዚህ ሁኔታ 5 ቀለም ብቻ ቀሩት፤ እርሱም ሥራው እንደ ተፈጸመ ቈጥሮ ደስ አለው።

ነገር ግን በማግሥቱ ወደ ሜዳ ወጥቶ ዐደይ አበባውን ሊሥል ቢሞክር አልሆነለትም። የቀረው ቢጫ አፈር የሚመስለው ብቻ ነበርና አበባው የጠወለገ መሰለ። ይህን አፈርማ ቢጫ ምንም ቢያቀጥነው ደማቅ አልሆነም። ደማቁን ቢጫ ግን ቡናማ ጠብ ቢያደርጉበት አፈርማ ይሆናል። ልጁ ለካ አስቀርቶ የነበረው ከሌላ የሚገኘውን፣ የጣለውም ከሌላ የማይገኘውን ኖሯል! እርሱም አላፈረም፤ ከሣጥኑ ደማቁን ቢጫ መለሰው። አፈርማውንም ስለ እርሻው ብዛት አልተወውም። ስለዚህ ቀለሞቹ 6 ሆኑ፤ ሁለት ቢጫ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ አንድ ደማቅ ቀይና አንድ ቀይ ቡናማ።

ከዚያም ሥዕሉን እንደ ገና ጀመረ። ለአዲሱ ሣር ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብለውን ሰማያዊ ከደማቁ ቢጫ ጋራ አዋሐደ። ለገብሱ ማሳ ደማቁን ሰማያዊ ከአፈርማው ቢጫ ጋራ አዋሐደና ቀይ ቡናማ በጥቂቱ ጨመረበት። ለጥላው ሰማያዊና ቡናማ በብዙ ውሃ አቅጥኖ ቀባ። ሁሉም ከ6 ቀለም የተወለደ ስለ ሆነ ሰማዩና ምድሩ እንደ ዘመዳሞች ተስማሙ። አንዳንዱም ዐደይ አበባ መርገፍ ጀምሮ ነበርና ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት መልስ ከደጁ አልተነሣም።

በአራተኛው ቀን ሥዕሉን ለአያቱ አቀረበ። እርሳቸውም እንደ ፊተኛው ወደ ብርሃን አዞሩት። ጥቂት ዝም ብለው፦ «ይህ የእኛ ገብስ ነው፤ ጫፉ ቢጫ ማለት ጀምሯል። ያም የጉና ደመና ነው፤ ማታ ሳይዘንብ አይቀርም» አሉ። ከዚያም በጣታቸው እያመለከቱ፦ «ላሚቱስ? ወንድምህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እርስዋን ነው» አሉት። ልጁም ስቆ በቀይ ቡናማው ላሚቱን ከበረቱ አጠገብ ጨመረ። ሥዕሉም ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ልጁ የቀሩትን 18 ቀለሞች አልጣላቸውም፤ ጠባያቸውን ባወቀ ጊዜ አንድ በአንድ ሊጠራቸው በሣጥናቸው አኖራቸው።

ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ሦስት ነገር ተማሩ። በእጃችሁ ያለውን ሳታውቁ ሌላ ለማብዛት አትቸኵሉ። ስትመርጡም በመጣል ብቻ አትመኩ፤ የሚያስፈልገውን ጥላችሁ እንደ ሆነ ለመመለስ አትፈሩ። ምርጫችሁንም በቤት ብቻ አትፈትኑት፤ ወደ ሜዳ አውጡት፣ ለሚያውቅም ሰው አሳዩት።

በአገራችን ፊደልን የተማረ ሰው ቀለም ቈጠረ ይባላል። መቍጠር መልካም ጅማሬ ነው፤ የቈጠሩትን ማወቅ ግን ከዚያ ይበልጣል።