ስለ ጾም ገበያና ስለ ቻይናዊው ጎረቤታችን

በባዕድ አገር የሚኖር ክርስቲያን ቤተሰብ ጾሙን የሚጠብቀው በቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን በገበያም ጭምር ነው። በአገራችን ጾም ሲገባ ገበያው ራሱ አብሮ ይጾማል፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፥ ቅቤ ሻጯ ትቀራለች፥ ሱፉና ተልባው፥ ሽምብራውና ምስሩ ከየጆንያው ብቅ ብቅ ይላል። በስደት አገር ግን ገበያው ጾም አያውቅም። ስለዚህ አባወራውም ሆነ እመቤቲቱ ጾሙን በልባቸው ይዘው ወደ ሱቅ መግባት ግድ ሆኖባቸዋል።

እኔ በምኖርበት በሲያትል ከተማ፥ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር፥ ዕድሜያቸው የገፋ ቻይናውያን ባልና ሚስት የሚጠብቋት አንዲት ትንሽ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ አለች። ስለ እርስዋ የምጽፈው ላስተዋውቃት ብዬ አይደለም፤ ስሟንም አልጠቅስም። ነገር ግን በእርስዋ ምክንያት በምእመናን መካከል የተነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም በብዙ አገር የተበተኑ ቤተሰቦቻችንን የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ሱቋ ከአንድ የመማሪያ ክፍል አትበልጥም። በበሯ ግራና ቀኝ የጎመን ዘመዶች የሆኑ ቅጠላ ቅጠሎች በየካርቶኑ ተደርድረዋል፤ ወፍራም አገዳ ያለው ጋይ ላን የሚባለው ጎመን አለ፤ አፍንጫ የሚያቃጥል የሰናፍጭ ቅጠልም አለ። ባለቤቴ ሁለቱንም በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት እንደ አገራችን ጎመን ትሠራቸዋለች። ዝንጅብሉ እንደ መዳፍ የሰፋ፥ እንጉዳዩ ደርቆ በከረጢት የታሰረ ነው። በማቀዝቀዣውም ውስጥ ቶፉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይገኛል። ቶፉን ለማያውቅ አንባቢ ለመግለጽ ያህል፥ አኩሪ አተር ተዘፍዝፎ ይፈጫል፤ ይፈላል፤ ይጠለላል፤ ከዚያም የሚያረጋ ነገር ተጨምሮበት ውኃው ተጨምቆ ይወጣል። አሠራሩ አይብ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከላም አንዳች የለበትም። ከበርበሬና ከሽንኩርት ጋር ቁሌት ውስጥ ሲገባ ለሃምሳ አምስቱ ቀን ጾም መልካም ወጥ ይሆናል።

በመደርደሪያው ላይ የሰሊጥ ዘይት ተደርድሯል። ቻይና ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ሰሊጥ ትልቅ ገዢ ሆና መቆየቷ የታወቀ ነው። በዚያ ጠርሙስ ያለው የሑመራ ወይም የመተማ ሰሊጥ ይሁን አይሁን ጽሑፉ አይናገርም፤ ሆኖም ጠርሙሱን ባነሣሁ ቁጥር የገበሬዎቻችን ላብ ትዝ ይለኛል።

ይህ ሁሉ በረከት ቢኖርም ጾመኛ ሰው ዐይኑን ከፍቶ መግዛት አለበት። ሶይ ሶስ የሚባለው ጥቁር ቅመም ከአኩሪ አተር፥ ከስንዴና ከጨው የሚሠራ ነውና አያሠጋም። በአጠገቡ የሚቆመው ኦይስተር ሶስ ግን ዛጎል ለበስ ከሆነ የባሕር ፍጥረት ጭማቂ ይገባበታል፤ የዓሣ ሶስም እንደ ስሙ በጨው ከቦካ ዓሣ የሚወጣ ነው። ከኑድሉም ዕንቁላል ያለበትና የሌለበት አለ። በመከር በዓላቸው የሚሸጡት ክብ ኬኮች ብዙ ጊዜ የዐሣማ ስብና የዕንቁላል አስኳል ይገባባቸዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ወተት፥ ዕንቁላል፥ ዓሣ፥ እንደ ሽሪምፕ ያሉት የባሕር ፍጥረቶች፥ የዛፍ ለውዝ፥ ኦቾሎኒ፥ ስንዴና አኩሪ አተር ያሉበት የታሸገ ምግብ ይህንኑ በግልጽ እንዲጽፍ ያዝዛል፤ ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥም ተጨምሯል። ይሁን እንጂ ሕጉ የወጣው አለርጂ ላለበት ሰው እንጂ ለጾመኛ አይደለም፤ ኦይስተርና የዐሣማ ስብ በዚያ ማስጠንቀቂያ ውስጥ አይቈጠሩም። ስለዚህ በደማቁ የተጻፈውን ብቻ አይቶ መመለስ አይበቃም፤ የገባበትን ነገር ዝርዝር እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። በሱቋ ውስጥ፥ ከገንዘብ መቀበያው ሥር፥ ወለሉ ላይ አንዲት ቀይ ሣጥን አለች። በውስጧ የቦታው ጠባቂ ነው ብለው የሚያከብሩት ምስል፥ በፊቱም ሦስት ብርቱካንና የሚጤስ የዕጣን እንጨት ይታያል። ባለፈው ዓመት ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲል ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ወደ እኔ ቀርበው፥ «መምህር፥ ጣዖት ካለበት ቤት የተገዛ ጎመን ለጾም ይሆናልን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነገሩም ከአፍ ወደ አፍ ተዛምቶ ጥቂት ቤተሰቦች ከዚያ መግዛት አቆሙ። አንድ ቀን ባለሱቁ ሽማግሌ ሒሳቤን እየተቀበሉ፥ «ነጭ ነጠላ የሚለብሱት እናቶች ዛሬ ዛሬ አይመጡም፤ የበደልኋቸው ነገር አለን?» አሉኝ። ይህች ቃል ልቤን ነካችው፤ ጥያቄው የጎመን ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነም ተገነዘብሁ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ፥ በምዕራፍ 8 እና በምዕራፍ 10፥ ይህንኑ ነገር አስተምሯል። ትምህርቱ በአጭሩ ሦስት ነው። ጣዖት በራሱ ኀይል የለውም፤ ስለዚህ በገበያ የሚሸጠውን ኅሊናን በጥያቄ ሳያስጨንቁ መግዛት ይቻላል። ለጣዖት የተሠዋ መሆኑ የተነገረውን ግን መብላት አይገባም። ከሁሉም በላይ የደካማውን ወንድም ኅሊና ማቊሰል አይፈቀድም። በካርቶን ከእርሻ የመጣ ጎመን ለማንም አልተሠዋም። የብርቱካኑን ነገር ሚስትየዋን ጠይቄአቸው ነበር፤ ከሣጥኗ ፊት የሚነሣው ለገበያ እንደማይቀርብ፥ ራሳቸው በቤታቸው እንደሚበሉት በግልጽ ነገሩኝ።

አባቶቻችንም በዚህ ነገር መንገድ አሳይተውናል። በቀድሞው አዲስ አበባ በየሰፈሩ የመናውያን የሚነግዱባቸው «ዓረብ ቤት» የሚባሉ ሱቆች ነበሩ። ክርስቲያኑ ስኳሩን፥ ጨውንና ጋዙን ከዚያ ይገዛ ነበር። በሥላሴ ስም ካልታረደ ሥጋ ግን እጁን ይሰበስብ ነበር፤ ይህን ወሰን ሻጩም ገዢውም ያውቁታል፥ ማንም በማንም አይቀየምም። በሃይማኖት መጽናትና በጉርብትና መኖር አብረው የሚሄዱ ነገሮች ነበሩ። እኔም ከቻይናዊው ሱቅ ሥጋ አልገዛም፤ ሽማግሌውም ምክንያቱን ነግሬአቸው ስለ ገባቸው አንድም ቀን ግዛ ብለውኝ አያውቁም።

ሌላም ነገር አለ። ከቻይናውያን ቡድሂስቶች ብዙዎቹ በጨረቃ ወራቸው 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ ይከለከላሉ። ለእነርሱ ተብሎ ከስንዴና ከአኩሪ አተር ተሠርቶ በመልኩም በጣዕሙም ዳክዬ የሚመስል ምግብ ይሸጣል። ልጄ ይህን አይታ፥ «አባባ፥ ሥጋ ሳይሆን ሥጋ ሥጋ ካለን፥ ጾሙ የቱ ላይ ነው?» አለችኝ። ዝርዝሩን ብናነብ አንዳች የሚያስነቅፍ አልተገኘበትም። ነገር ግን የጾም ሕግ አለመሻሩ አንድ ነገር ነው፤ የጾም ዓላማ መፈጸሙ ሌላ ነው። የተከለከለውን እያስመሰለ የሚያጐርስ ማዕድ ሰውነትን ከማድከም ይልቅ ምኞትን ይቀልባል። ስለዚህ እኛ ቤት ዳክዬው በሱቁ ቀርቷል። ሌላው ቢገዛው ግን አልፈርድበትም።

ስለ ባለሱቆቹ ደግሞ ልናውቀው የሚገባ ታሪክ አለ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1882 የአሜሪካ መንግሥት ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አገሩ እንዳይገቡ በሕግ ከለከለ፤ ሕጉም እስከ 1943 አልተሻረም። በ1886፥ በፌብሩዋሪ ወር፥ በዚሁ በሲያትል ሁከተኞች ቻይናውያኑን ከየቤታቸው እያወጡ ወደ ወደቡ ነዷቸው፤ ወደ 200 የሚሆኑትም በመርከብ ተጭነው ሄዱ። በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር ቻይናውያን ትንንሽ ሱቆች ከፍተው ጥቁር ገበሬዎችን ያገለግሉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ጎንግ ለም የሚባለው ነጋዴ፥ ልጁ ማርታ ነጮች ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ስለ ተከለከለች ቢከስስ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1927 ክልከላውን አጸናው። በትምህርት ቤት በዘር መለያየትን ያው ፍርድ ቤት ያወገዘው በ1954 ነው። እኔ መምህር ነኝና የዚያች ልጅ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። እንግዲህ ትንሿ ሱቅ ለብዙዎቹ ሌላው በር ሲዘጋ የቀረች በር ነበረች። መጻተኛውን እንደ ራሳችን እንድንወድ በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 የታዘዝን እኛ፥ ራሳችንም በሰው አገር መጻተኞች ሆነን ሳለ፥ መጻተኛ ጎረቤታችንን ያለ ምክንያት ልናሳዝነው አይገባንም።

ለእናቲቱም ይህንኑ በትሕትና አስረዳኋቸው። ከቀሩት ቤተሰቦች አብዛኞቹ ተመለሱ። እርሳቸው ግን፥ «ነገሩ ገብቶኛል፤ ዐይኔ ግን ያችን ሣጥን ማየት አይወድም፤ ልጄን እልከዋለሁ» አሉ። እኔም አላስገደድኋቸውም፤ ኅሊናቸውን ማክበር ራሱ ከሐዋርያው ትምህርት አንዱ ክፍል ነውና። ለሽማግሌው ባለሱቅም እናቶቹ ያልመጡት ተበድለው ሳይሆን በሃይማኖታቸው ጉዳይ ተጨንቀው እንደ ነበር ገለጽሁላቸው። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው፥ «እኔ ዘንድም በጾም ቀን የምትመጣ አክስት ነበረችኝ፤ እርስዋም ሁሉን ትጠይቅ ነበር» ብለው ሳቁ።

ስለዚህ የምትገዙትን በሚገባ አንብቡ፤ ያልገባችሁን ሻጩን በአክብሮት ጠይቁ፤ ከእምነታችሁ የማይስማማውን በትሕትና ተዉ። ኢሳይያስ ነቢይ በምዕራፍ 58 እንዳስተማረው፥ ከጎረቤት ጋር እየተጣሉ የሚጾሙት ጾም ወደ ላይ አይደርስም። ከሱቅ ስትወጡ የጾሙ እህል ከከረጢታችሁ፥ ሰላምታውም በባለሱቁ ልብ ይኑር።

ጾማችንን የበረከት ጾም ያድርግልን። አሜን።