የትናንቱማ አለቀ

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ የምኮራበት ነገር ነበረኝ፤ የማስተማሪያ ማስታወሻዬ። በየዓመቱ ያው ማስታወሻ፣ ያው ቀልድ! ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» እጠይቃለሁ፤ ተማሪው የኔኑ ቃል መልሶ ከጻፈልኝ «ኤ» ነው።

ሞጣ ላይ ግን ጉዴ ወጣ። ጊዮርጊስ ደጅ ከአንድ የቅኔ ተማሪ ጋር ወግ ጀመርን። ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቷል። እዚያ ቤት ክፍያ የለም፤ ዲግሪም የለም። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል።

«ትምህርቱስ?» አልኩት።

«ቀን ዱር ገብቼ ቅኔ እቆጥራለሁ፤ ማታ ለየኔታ እነግራለሁ። ከተሳሳትኩ ያርሙኛል።»

ጀማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቋንቋው ግእዝ ነው፤ ሰሙን ከወርቁ ማዋደድ የተማሪው ፈንታ።

«የትናንቱን ዛሬ ደግመህ ብትነግራቸውስ?»

ሳቀብኝ። «የትናንቱማ አለቀ እኮ! የተነገረ ቅኔ ይደገማል እንዴ? ነውር ነው።»

ዝም አልኩ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ የወጡት ከዚሁ ከጎጃም ቅኔ ቤት ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስም ተምረዋል። መድገም ነውር ከሆነበት ቤት የወጡ ሰው የጻፉትን መጽሐፍ ይዤ ነው ለካ፣ ያን ሁሉ ተማሪ ሳስደግም የኖርኩት!

«የእርስዎስ ሥራ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እንግዲያው አንድ ይንገሩኛ!»

የራሴ የምለው አንድም አልነበረኝም።