ክሩስኮት ላይ የተሰጣ ባትሪ

ፒካፕ የሚነዳ ሰው ጋቢና ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። ከወንበሩ ኋላ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ የተጠቀለለ ገመድ፤ በበሩ ኪስ ያምና የነዳጅ ደረሰኝ፣ የተጨማደደ ሶፍት፣ የምን እንደሆነ የተረሳ ቁልፍ። የእጅ ባትሪም አለ። መኖሩና መብራቱ ግን ለየቅል ነው።

የድሮው ባለ ድንጋይ ባትሪ ታጋሽ ነበር። ባለ 1.5 ቮልት ሁለት ወፍራም ድንጋይ ይጎርሳል፤ ወራት ተረስቶ ከርሞም ሲጫኑት ቢጫ ብርሃን አያጣም። ሲደክም ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በጥርሱ የሚተማመን ደግሞ ነከስ ነከስ ያደርገዋል። ማታ ጥቂት ደቂቃ ትርፍ ይገኛል። ነገሩ ተረት አይደለም፤ ሙቀቱ በድንጋዩ ውስጥ የተዳከመውን ኬሚካላዊ ሥራ ለጊዜው ያነቃቃዋል። ገጠር ያደገ ሹፌር ይህ ልማድ ከእጁ አይወጣም። እናም ቻርጅ የሚደረገውንም ባትሪ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ክሩስኮት ላይ ያሰጣዋል።

አዲሱ ባትሪ ከፀሐይ ጋር አይስማማም። ሆዱ ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ነው፤ ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካወጣው ወዲህ ካሜራውንም ስልኩንም የወረሰው ዓይነት። በብዛት የሚገኘው ወፍራም ጣት የሚያህል ሲሆን 18650 ይሉታል፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ፣ 65 ቁመቱ ነው። ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ሞልቶ ሳለ የሚግል ከሆነ ዕድሜው ያጥራል። መስኮቱ ተዘግቶ ሰመራ ላይ በቀትር የቆመ መኪና ክሩስኮቱ 60 ዲግሪን ቢያልፍ ማንም አይገረምም። ግማሽ ያህል ተሞልቶ ጥላ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር፤ ግን ማን ነው ለችግር ቀን ብሎ ግማሽ የሚሞላ?

የደሴን መንገድ የሚመላለስ ፒካፕ ላይ ይህ ፈተና በአንድ ቀን ይደራረባል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ ጉም ተጋድሞ መብራት በቀንም ያስፈልጋል፤ ብርዱም ባትሪውን ያደክመዋል። ብርዱ ክፉ አይደለም፣ ሲሞቅ ይመለሳል። ከዚያ ደብረ ሲና፣ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት፤ ጃኬት ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ሙቀቱ የወሰደውን ግን አይመልስም።

መርካቶ በርካሽ የሚሸጠው፣ ቂጡ ላይ ሁለት ጥርስ ያለው ሶኬት የሚሳብለት ባትሪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የሚሞላው በ220 ቮልት የግድግዳ መብራት ብቻ ነው፤ መኪናው ደግሞ 12 ቮልት ነው የሚሰጠው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለችው ትንሽዬ የሊድ አሲድ ባትሪ ናት፤ ባዶዋን ከተረሳች በዚያው ትቀራለች። ለቤት፣ መብራት ለሚጠፋበት ምሽት ይሁን። ለመኪና ግን በስልክ ቻርጀር ገመድ የሚሞላው ይሻላል፤ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ይሰካል። በብዙ መኪና ያ ቀዳዳ ቁልፍ ካልተከፈተ አይሠራም፤ ስለዚህ እየነዱ መሙላት ነው። የናፍጣ ሰልፍ በረዘመበት ሰሞን ጎን ለጎን የእጅ ባትሪ መሙላት ጥሩ ማሳለፊያ መሆኑን ያየሁት ከሹፌሮች ነው፤ ተራው ሳይደርስ እሱ ይሞላል።

ተሞልቶም የሚያልቅበት መንገድ አያጣም። ከክሪኩ ጋር ሲንገጫገጭ ማብሪያው ይጫናል፤ ወንበር ሥር ሲበራ አድሮ ማንም አያየውም። ጅራቱን ሩብ ዙር ላላ አድርጎ ማስቀመጥ ብዙዎቹን ያስተኛቸዋል።

«ሞባይል እያለ» የሚል አለ። በዝናብ፣ ግሪስ በነካው እጅ፣ ሞባይል በጥርስ ነክሶ ቡሎን የፈታ ሰው ይመልስለት። ያኔ ነው ደግሞ ከቤት የሚደወለው።

ጎማ ሲቀየር ማየት የምወደው መብራት ያዡን ነው። ድንጋይና ቅጠል ከኋላ ተደርድሮ፣ ክሪክ ገብቶ፣ ሹፌሩ ተንበርክኮ ቡሎኑን ሲታገል፣ ያዡ መጀመሪያ በትክክል ያበራል። ትንሽ ቆይቶ ቁጥቋጦው ውስጥ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል፤ ብርሃኑ ወደዚያ። መኪና ይመጣል፤ ብርሃኑ ወደ መኪናው፣ ያውም በመጪው ሹፌር ዓይን። «እዚህ!» ይባላል፤ ይመለሳል፣ አሁን ግን የሚያበራው የሠራተኛው ግንባር ላይ ነው። ያዡ ክፋት የለበትም፤ የሚያበራው ራሱ ማየት የሚፈልገውን ነው። በግንባር የሚታሰረውን ባትሪ የፈለሰፈ ሰው ረዳት ያማረረው ሳይሆን አይቀርም።

ደህና የሚያበራ ባትሪ የሚጠፋው ግን በውሰት ነው። የአይሱዙው ሹፌር «አንዴ» ብሎ ወስዶ ሸቀጡን ያይበታል፣ ከዚያ ደሴ ይገባል። ይህ የመረራቸው አንድ አዛውንት ሹፌር ባትሪያቸውን ከወንበሩ እግር ጋር በሲባጎ አስረውታል። ሲባጎው አጭር ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኋላ ጎማ ጋ አይደርስም» አልኳቸው።

«የኋላው ሲተነፍስ ያንተን እዋሳለሁ።»